ሽማግሌ የላክሁባት ሞተር

ሰው ለትዳር ሽማግሌ ቢልክ የሚገርመው የለም። እኔ ግን አስቴርን ያገባኋት ያለ ሽማግሌ ነው። ሁለታችን ተስማማን፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን፣ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ሽማግሌ የላክሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ለሞተር ሳይክል ነው። አትሳቁ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ እንደ ልባችሁ ትስቃላችሁ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አሁን አሁን ያስቀኛል።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁላል ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ታጠፈ፤ እኔም አብሬ ታጠፍኩ። ስንሰናበት በሰጡን ገንዘብ ሲኤምሲ ከምንኖርበት ቤት ጓሮ የፈረንጅ ዶሮ ማርባት ጀመርን። ጀመርን የምለው ለወጉ ነው። አስቴር ጀመረች፤ እኔ ዶሮዎቹን ፈራሁ። ዶሮ አይን ለአይን ሲያይ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ብቻ ዶሮዎቹ ፈሪ መሆኔን ቢያውቁም ሥራቸውን አልበደሉም፤ በየቀኑ ይጥሉ ጀመር። የእኔ ሥራ እንቁላሉን ቦሌ ማድረስ ሆነ።

ያን ጊዜ ሲኤምሲ ማለት ከከተማ መውጣት ማለት ነበር። ከአጥራችን ማዶ ገብስ ይዘራል። ቦሌ ለመድረስ መጀመሪያ መገናኛ ድረስ በአንድ ታክሲ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ነው። እንቁላል ታቅፎ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ባለ ቁጥር እንቁላሉን እንደ ሕፃን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ሰውዬ ገና ሳይቀመጡ ታክሲው ተነሳና ከነሙሉ ክብራቸው እላዬ ላይ አረፉ። የሆነውን አልነግራችሁም። ሱሪዬን ግን አስቴር ሦስቴ አጥባው አሁንም ኬክ ኬክ ይሸታል። የሚያናድደው ደግሞ ረዳቱ ለእንቁላሉ የአንድ ሰው ሒሳብ ማስከፈሉ ነው።

እንቁላላችንን የሚገዙን ወይዘሮ ሮማን ይባላሉ። መድኃኔዓለም አካባቢ ኬክ ቤት አላቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ኬክ ቤት በደግነት አይሠራም። አንድ ቀን የተሰበሩትን ለይተው ወደ ጎን አደረጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስማኝ፤ ሙሉውን ካንተ ብወስድ እወዳለሁ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በየማለዳው አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሳይሰበር ካደረስክልኝ ሌላ ሰው አልፈልግም። ካልሆነ ግን ፒካፕ ያለው ሰው እየለመነኝ ነው።»

ፒካፕ! ፒካፕ ያለው ሰው ደግሞ ምን ፈልጎ እንቁላል ይሸጣል? ቤት ገብቼ ለአስቴር ነገርኳት። እሷ እንደኔ አትጮህም፤ ዝም ብላ ታስባለች። እንደ ዕድል በዚያው ሳምንት የዕቁብ ዕጣ ወጣላት። ያለንን ሁሉ ስንደምርበት አሥራ አንድ ሺህ ብር ሞላ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ያለው ንብረት ዶሮዎቹ፣ አልጋውና እኔ ነን።

«ሞተር ግዛ» አለችኝ። «መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?»

አለኝ። መሥሪያ ቤቴ በደህናው ዘመን ስልጠና ልኮኝ የሞተር መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለኝ ግን ባንክ ቤት መታወቂያ ሲጠይቁኝ ብቻ ነው።

በነጋታው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የሞተር ሳይክል መሸጫ ሄድኩ። ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ አምስት ቀያይ ሞተሮች ተደርድረዋል። አዲስ ናቸው፤ ነገር ግን የተረፉ ናቸው። ለአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ታዝዘው ፕሮጀክቱ በመታጠፉ ቀርተዋል፤ አዲሱ ሞዴል ደግሞ በመንገድ ላይ ነው ይባላል። ይህን ከሰው ሰምቼ ስለነበር ሰውየው ለመገላገል ይቸኩላል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የተለጠፈው ወረቀት ግን «አሥራ አራት ሺህ፣ ቁርጥ ዋጋ» ይላል።

ቁርጥ ዋጋ የሚል ወረቀት አይቼ አላውቅም አይደለም። መርካቶም አለ። መርካቶ ግን ወረቀቱ የሚለጠፈው ለግድግዳው ውበት ነው። ስለዚህ ያደግሁበትን የግብይት ጥበብ ሁሉ ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው ደንብ ዕቃውን ማጣጣል ነው።

«ቀለሟ ደብዘዝ ብሏል» አልኩት ክራባት ያሰረውን ሻጭ።

«አዲስ ናት ጌታዬ።»

«ጎማዋም ቀጥኗል።»

«የሞተር ጎማ ነው ጌታዬ።»

ትሕትናው አስጨነቀኝ። መርካቶ ቢሆን ይሄኔ ተሰዳድበን፣ ተሳስቀን፣ ዘመድ ሆነን ነበር። «አሥር ሺህ ብትሉኝ አስብበታለሁ» አልኩት። በትሕትና ወደ ወረቀቱ ጠቆመኝ። እንግዲህ የቀረኝ ሁለተኛው ደንብ ነው፤ መሄድ። ገዢ ተቆጥቶ ሲወጣ ሻጭ ከኋላው «ና እስቲ! ተመለስ! ስንት ትላለህ?» ይላል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ወጣሁ። የመስታወቱ በር ከኋላዬ ያለ ድምፅ ተዘጋ።

ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ማንም አልጠራኝም። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ዞር ብዬ ሳይ ሻጩ የሞተሯን መስታወት እየወለወለ ነው። ምናልባት አልታየሁት ይሆናል ብዬ መንገዱን ተሻገርኩና በወዲያኛው በኩል ተመለስኩ። ደግሜ ተሻገርኩ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ያዩኝ ጀመር። በመጨረሻ ታክሲ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

«እንዴት ሆነ?» አለች አስቴር።

«ይጠሩኛል።»

«በምን? ስልክ የለን!»

እንዲህ ባለው ሰዓት ነው ጋሽ ተሰማ የመጡት። ጋሽ ተሰማ የአስቴር አጎት ናቸው፤ የዕድራችን ዳኛም ናቸው። ከጉርድ ሾላ እስከ ላምበረት የተጣላ ባልና ሚስት፣ የድንበር አጥር የገፋ ጎረቤት፣ የተካካደ ወንድማማች ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በገንዘብ በኩል ጥብቅ ናቸው። የታክሲ ላለመክፈል መገናኛ ድረስ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ፤ ለጤና ነው ይላሉ። ነገሩን ሁሉ አስቴር ነገረቻቸው። አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው ሰሙ።

«ባለቤቱ ማነው?» አሉኝ።

«ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ሰው ናቸው አሉ።»

«ሰው ናቸው?»

«ሰው ናቸው።»

«እንግዲያው ይለመናሉ» አሉና ተነሡ።

እኔ ዘመድ ይዘው ሊያግባቡልኝ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ያየሁት ግን ሦስት ሽማግሌ ነው። ጋሽ ተሰማ በሙሉ ሱፍ ላይ ነጠላ ደርበው፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የቀድሞ ሻምበል አስከትለው ቆመዋል። ሦስቱም ከዘራ ይዘዋል። የእኔን ኮት አስቴር ተኩሳዋለች። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ረዳቱ ጭምር «ይቅናችሁ!» አለን።

መሸጫው ደረስን። ሻጩ አወቀኝ፤ ወንበር አቀረበ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። በመሐል ወለሉ ላይ፣ በቀያዮቹ ሞተሮች ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ሻጩ ግራ ገብቶት ከውስጠኛው ቢሮ ሐጂን ጠራቸው። ሐጂ ሸምሱ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው ናቸው። ብቅ ሲሉ ሦስት ሽማግሌ ከዘራ ይዞ፣ አንድ ጎልማሳ ኮት ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ልጄ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት!» አሉ።

«ኧረ ለልጅዎ አይደለም ሐጂ» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ለሞተር ነው።»

ሐጂ ትንፋሻቸውን መለሱና ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ «ቁጭ በሉ» አሉ።

«የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም።»

ይህ የሽማግሌ ወግ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አይናቸው ወንበሩ ላይ ተተከለ። ሐጂ ይህን አዩና አዘኑ፤ ሽማግሌ አቁሞ ማነጋገር ለእሳቸውም ነውር ነው። «እሺ፣ ጉዳያችሁን በደንብ አያለሁ፤ በአላህ ተቀመጡ!» ሲሉ ሦስቱም ተቀመጡ። መምህሩ ግን ከሁሉ ቀደሙ።

ጋሽ ተሰማ ስለ እኔ መናገር ጀመሩ። ጨዋ ቤተሰብ ያሳደገኝ ነኝ። ሰው አላስቀይምም። አልጠጣም። እዚህ ላይ ሻምበሉ ሳል አሉ፤ ባለፈው የዕድር ግብዣ አጠገቤ ነበር የተቀመጡት። ሚስቴን አከብራለሁ፣ ዶሮዎቼን እወዳለሁ። እንደኔ ያለ ሰው እጅ የገባች ሞተር መቼም አታዝንም። ስሰማው ጊዜ እኔ ራሴ ሞተሯን ለእኔ መስጠት አማረኝ። መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ሮማንን ነገር አነሡ። ሰኞ ጠዋት ካልደረስን ገበያው እንደሚሄድብንና ቤታችን በዚያ ላይ እንደቆመ ሲናገሩ ግን ቀልዱ ጠፋኝ።

ሐጂ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ «የእኔንም ስሙኛ» አሉ።

ስህተቴ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ሽማግሌ የላክሁት እንዲከራከርልኝ ነበር። ሽማግሌ ግን ጠበቃ አይደለም፤ ግራ ቀኙን ይሰማል። ጋሽ ተሰማ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ነገር አልሠሩም። «እንሰማለን እንጂ!» አሉና ወንበራቸውን ከእኔ አዙረው ወደ ሐጂ አደረጉ።

ሐጂ አወሩ። ሞተሮቹን ያስመጡት ተበድረው ነው። ፕሮጀክቱ ሲታጠፍ የቀረ ዕቃ ማን እንደሚረከብ የተናገረ የለም። ቀረጡ ተከፍሏል፣ የቤቱ ኪራይ በየወሩ ይጨምራል። አዲሶቹ አሰብ ደርሰዋል፤ ማስገቢያ ቦታ የለም። ሐጂ ባወሩ ቁጥር የጋሽ ተሰማ ራስ ላይና ታች መነቅነቅ ጀመረ። የዚህን ራስ መነቅነቅ አውቀዋለሁ። በአጥር ክርክር ጊዜ አንድ ጎረቤታችን ግማሽ ጓሮውን ያጣው ይህ ራስ ከተነቀነቀ በኋላ ነው።

«መልካም» አሉ ጋሽ ተሰማ። «እስቲ እንምከርበት። ሁለታችሁም ወጣ በሉልን።»

«እኔም?» አሉ ሐጂ። «ሱቁ እኮ የእኔ ነው!»

«ባለጉዳይ ነዎት። ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ ይወጣል። ያም ልጅ ይውጣ።»

እንግዲህ ሦስታችን፣ ሐጂ፣ ክራባት ያሰረው ሻጭና እኔ፣ ቦሌ መንገድ ዳር ቆምን። በመስታወቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይታያሉ። አንድ ሰው ጎማ ሊገዛ መጣ።

«አሁን አይቻልም» አሉት ሐጂ። «ሽማግሌ ገብቷል።»

ሰውየው «እግዜር ያሳካው» ብሎ ሄደ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ዕለት መንገድ ላይ ስትመላለስ የነበርከው አንተ ነህ? ይሄ ልጅ አንድ ሰውዬ የሆነ ነገር ጠፍቶት ይፈልጋል ብሎኝ ነበር።»

«እንድትጠሩኝ ነበር ሐጂ።»

«አይ አንተ! ገብተህ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ስንት ይዘሃል?»

«አሥራ አንድ። ሌላ የለኝም።»

«በአሥራ አንድ እሰጥህ ነበር እኮ! ቦታውን ነው የምፈልገው። በቃ፣ ውሰዳት!»

እጃቸውን ጨበጥኩ። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ። አስቴር በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ታየችኝ። ተያይዘን ገባን፤ ሐጂም በደስታ «ጨርሰናል፤ በአሥራ አንድ ሺህ ተስማምተናል» አሉ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ቀና ብለው እንደ ጥፋተኛ አዩን።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ መንገድ ላይ ትስማማላችሁ?» አሉ ሻምበሉ።

«እኛ ፈርደናል» አሉ ጋሽ ተሰማ። «አሥራ ሁለት ሺህ።»

ሐጂ ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ።

«ሻጩ እኔ ነኝ እኮ! በአሥራ አንድ ወድጄ ነው የሰጠሁት!»

«ደግነትዎን አይተናል።»

«ደግነት አይደለም፤ ቦታ ጠቦኝ ነው!»

«ትሕትናዎንም አይተናል። በአሥራ አንድ ቢሸጡ ይከስራሉ፤ ከአፍዎ ሰምተናል። በአሥራ አራት ቢሸጡ ልጁ ይጎዳል። አሥራ ሁለት ትክክል ነው። በዚያ ላይ የራስ ቁር ይጨምሩለታል፣ ከኋላዋ የእንቁላል መጫኛ ብረት ያስበይዱለታል፣ ነገ ደግሞ ይህ ሻጭዎ መጥቶ ያለማምደዋል።»

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ጋሼ» አልኩ። «የለኝም! አሥራ አንድ ነው ያለኝ። ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው። የቀረውን ከየት አመጣለሁ? እርስዎ የመጡት ዋጋ ሊያስጨምሩብኝ ነው?» እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። በአስቴር አጎት ላይ ጮህኩ፤ ያውም በሰው ሱቅ። ጋሽ ተሰማ አልተቆጡም። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ገለጡ፤ ከሱፋቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ የተቋጠረ መሐረብ አወጡ።

«የፈረድነው እኛ ነን» አሉ። «እኛ እንሞላዋለን።»

ቋጠሮውን ለመፍታት በጥርሳቸው ታገሉ። ስንት ዓመት ታስሮ እንደቆየ እንጃ። ስድስት መቶ ብር አወጡ። መምህሩና ሻምበሉ ቀሪውን ተካፈሉት። ሻምበሉ ጨምረው ለአውቶቡስ የያዙትን ሁለት ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ጣሉ፤ መልሼ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ...» አልኩ።

«ዝም በል» አሉኝ። «ይሄ ሰውዬ ያንተን ሞተር ባየ ቁጥር ከስሬባታለሁ እንዲል አልፈልግም። አንተም እሱ ደጃፍ ስታልፍ አንገትህን እንድትደፋ አልፈልግም። ነገ ብትበላሽብህ የት ትወስዳታለህ? እዚሁ አይደለም?»

አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፊት ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ብቻ ሐጂ አይተውኝ ወደ ውስጥ ገቡና የራስ ቁሩን ይዘው ወጡ። ራሳቸው ጭንቅላቴ ላይ አደረጉልኝ። ጠቦኝ ነበር፤ ግን ማን ይናገራል? ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ተራ በተራ ሞተሯን መረቋት፤ ሐጂም እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ሻጩም ክራባቱን አስተካክሎ «አሜን» አለ።

እሑድ ሻጩ ሲኤምሲ መጣ፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ልምምድ ጀመርን። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው ብዬ የተጠራጠርኩት ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ ገብሱ ውስጥ ገባሁ። ቀጥሎ ከገብሱ ስወጣ ወደቅሁ። አንደኛ ማርሽ ላይ ስሆን እንደ ሰው እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ ላስገባ ስል ሞተሯ ትንፈራገጥና ቀጥ ትላለች። የሰፈሩ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያጨበጭባሉ። አስቴር አጨበጨበች ብዬ እንዳልምል እሷ ዞር ብላ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሻጩ ሲመሽ ክራባቱን ፈቶ፣ «ጌታዬ፣ በአንደኛ ማርሽም ይደረሳል» አለኝ።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ አስቴር እንቁላሉን በጭድ መሐል ደርድራ መጫኛው ላይ በላስቲክ አሰረችው። ሦስት ጊዜ ነካክታ አየችው። «ቀስ በል» አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ሌላ አማራጭ የለኝም። ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ በአንደኛ ማርሽ። ሞተሯ ለሰማይ ለምድር የከበደ ድምፅ ታሰማለች፤ ፍጥነታችን ግን ከጩኸቷ ጋር አይመጣጠንም። ብስክሌት አለፈኝ። ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ተማሪዎች አለፉኝ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ጎን ለጎን ሆነን ጥቂት ከሄድን በኋላ አዝኖልኝ ይሁን እንጃ ቀደመኝ። መገናኛ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት ግማሽ ሰውነቱን በመስኮት አውጥቶ «አባባ፣ ያጥፉትና ይግፉት!» አለኝ። አልሰማሁትም። አይኔን ከመንገዱ፣ ልቤን ከኋላዬ ካለው ጭነት ላይ አላነሣሁም። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ለእያንዳንዱ እንቁላል ለየብቻ የምጸልይ ያህል እጨነቅ ነበር።

ኬክ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ወይዘሮ ሮማን በሩን እየከፈቱ ነው። የግድግዳው ሰዓት አንድ ሊሞላ አሥር ደቂቃ ይላል። ላስቲኩን ፈቱ። ጭዱን ገለጥ አደረጉ። አንድ በአንድ እያነሡ በብርሃን ላይ እያዩ አስቀመጡ። እኔ እዚያው ቆሜ ነው፤ የራስ ቁሩን እንኳ ማውለቅ ረስቼ። የመጨረሻዋን አነሡ፣ አገላብጠው አዩ፣ አስቀመጡ። አንድም አልተሰበረም።

ፈገግ አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጎበዝ! ነገም እንዲሁ ትመጣለህ?»

«ነገማ» አልኳቸው፣ «ሁለተኛ ማርሽም እሞክራለሁ።»